የተመራማሪ ሚዛን፤ የጥቅስ ቆጠራና የእንዶድ መዝገብ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ላምበረት ሲባል ለብዙ ሰው በቅድሚያ የሚታወሰው መናኸሪያው ነው። ማለዳ ሻንጣውን የተሸከመ መንገደኛ፣ የረዳቶች ጥሪ፣ ወደ ኮተቤ የሚወጣው የመኪና ሰልፍ። ከዚያው ሰፈር ወደ ደቡብ ዝቅ ብሎ በጉርድ ሾላ በኩል ግን መንገደኛው ብዙም ልብ የማይለው አንድ ሰፊ ግቢ ይገኛል። ይህ ግቢ እ.ኤ.አ. በ1974 የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የከብት እርባታ ማዕከል በሚል ስም የተቋቋመውና በ1994 ናይሮቢ ከነበረው የእንስሳት በሽታዎች ምርምር ላቦራቶሪ ጋር ተዋሕዶ ዓለም አቀፍ የእንስሳት እርባታ ምርምር ተቋም የሆነው ድርጅት የአዲስ አበባ ግቢ ነው። (በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የሚነገርለት መዝገብም የተያዘው በዚያው ነውና።)

እንዲህ ባለው ተቋም ውስጥ የእንስሳት ሐኪም፣ የመኖ ሣር አጥኚ፣ የኢኮኖሚ ባለሙያ፣ የዘር ውርስ ተመራማሪና የስታቲስቲክስ አዋቂ በአንድ አጥር ውስጥ ይሠራሉ። ሁሉም ይጽፋሉ፤ ጽሑፋቸውም በየዘርፉ መጽሔት ይታተማል። አንድ እንግዳ መጥቶ «ከእነዚህ መካከል የበለጠ የሠራው ማነው?» ብሎ ቢጠይቅና መልሱም በአንድ ቁጥር እንዲነገረው ቢፈልግ፣ አስተዋይ ሰው ጥያቄውን ራሱን ይጠረጥራል። ሆኖም ይኸው ጥያቄ በየዩኒቨርሲቲው የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴ ፊት፣ በየሽልማቱ ዳኞች ጠረጴዛ ላይ፣ የምርምር ገንዘብ በሚታደልበት ስብሰባ ሁሉ ይነሣል። መልሱም እያደር የቀለለ መስሏል። ኮምፒዩተር ይከፈታል፣ የሰውየው ስም ይጻፋል፣ ቁጥር ይወጣል፤ ከዚያም ቁጥሩ ሰውየውን ሆኖ ይቀመጣል።

መሐንዲስ የመለኪያ መሣሪያ ሲሰጠው አስቀድሞ የሚጠይቀው መሣሪያው ምን እንደሚለካ፣ በምን መለኪያ እንደተስተካከለና ስሕተቱ ምን ያህል እንደሆነ ነው። የዛሬው ንግግር ይህንኑ ልማድ በተመራማሪ ሚዛን ላይ ለመሞከር የተዘጋጀ ነው። ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀርም የአንድ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት፣ የዶክተር አክሊሉ ለማ መዝገብ በናሙናነት ይቀርባል።

ቆጠራው ሲጀመር ሰውን ለመመዘን የታሰበ አልነበረም። ዩጂን ጋርፊልድ የተባሉ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1955 «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ ያቀረቡት ሐሳብ፣ ተመራማሪው የሚፈልገውን ጽሑፍ በቀላሉ የሚያገኝበት አዲስ ዓይነት ማውጫ እንዲዘጋጅ ነበር። ሐሳቡን የተዋሱት ከሕግ ሰዎች ነው። የአሜሪካ ጠበቆች አንድ ፍርድ ከተሰጠ በኋላ በየትኞቹ ሌሎች ፍርዶች ውስጥ እንደተጠቀሰ የሚያሳይ የቆየ መዝገብ ነበራቸው፤ ጠበቃው በዚያ እየተመራ የነገሩን ዱካ ይከተላል። ጋርፊልድ ይህን ዘዴ ለሳይንስ አዋሉት። በ1960 በፊላደልፊያ ከተማ የሳይንስ መረጃ ተቋምን መሠረቱ፤ በ1964ም የሳይንስ ጥቅሶች ማውጫን በይፋ አወጡ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ማንኛውም የምርምር ጽሑፍ በመጨረሻው ላይ የተገለገለባቸውን የቀድሞ ሥራዎች ይዘረዝራል። ማውጫው ይህን ዝርዝር ይገለብጠውና በእያንዳንዱ የቀድሞ ሥራ ሥር እርሱን የጠቀሱትን አዳዲስ ጽሑፎች ይደረድራል። ዝርዝሩ ከተደረደረ ዘንድ መስመሮቹን መቁጠር የሚከለክል የለም። እንዲህ ሆኖ ለመፈለጊያ የተሠራው መሣሪያ ለመመዘኛ ዋለ።

ይህ በደፈናው የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ቁጥር ከመምጣቱ በፊት የነበረውን ሁኔታ የሚያስታውሱ ሰዎች ያውቁታል፤ በብዙ አገር አንድ ምሁር ከማዕረግ ወደ ማዕረግ የሚሸጋገረው በአለቃው መልካም ፈቃድ፣ በትውውቅ ወይም በዕድሜ ብዛት ነበር። ወገን የሌለው ወጣት መምህር «ሥራዬን እነሆ፣ የማያውቁኝ ሰዎች በሩቅ አገር ተገልግለውበታል» ብሎ ሊያቀርበው የሚችለው ማስረጃ ቢኖር ይህ ቁጥር ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ቁጥሩ ጋሻ ሆኖታል። ስለዚህ ቁጥሩን አሽቀንጥሮ መጣል የድሮውን አድልዎ በጓሮ በር መልሶ ማስገባት ሊሆን ይችላል።

ችግሩ የሚጀምረው በማውጫው ደጃፍ ላይ ነው። በዓለም ላይ የሚታተመውን መጽሔት ሁሉ መመዝገብ ስለማይቻል አዘጋጆቹ መምረጥ ነበረባቸው። የምርጫቸው ማስረገጫ የነበረው፣ እንግሊዛዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ብራድፎርድ በ1934 ያመለከቱት ነገር ነው፤ ይኸውም በአንድ ዘርፍ ከሚጻፈው ዋና ዋናው ነገር አብዛኛው በጥቂት መጽሔቶች ውስጥ ተሰብስቦ ይገኛል የሚል ነው። አባባሉ እውነትነት አለው። ነገር ግን ጥቂቶቹ የሚለዩት በመጠቀስ ብዛት ከሆነ፣ ለመጠቀስም አስቀድሞ መታወቅ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ደጃፉ ላይ የቆመው መጽሔት አልተጠቀሰም ተብሎ አይገባም፤ አልገባምና አይጠቀስም። ከኢትዮጵያ ከሚወጡት መጽሔቶች አብዛኞቹ ሲዞሩ የኖሩት በዚህ ክብ ውስጥ ነው። በ1987 መታተም የጀመረው የኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር መጽሔት ክቡን ጥሶ ከገቡት ጥቂቶች አንዱ ነው፤ በአንድ የሙያ ማኅበር እጅ የተሠራ ሥራ በመሆኑ ለዚህ ጉባኤ ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ2004 ስኮፐስና ጉግል ስኮላር የተባሉት መዝገቦች ሲጨመሩ ቆጠራው የልዩ ባለሙያ ሥራ መሆኑ ቀረ። በሚከተለው ዓመት፣ በ2005፣ በካሊፎርኒያ የፊዚክስ መምህር የሆኑት ሆርሄ ሂርሽ አሁን በሰፊው የሚሠራበትን መለኪያ አቀረቡ። ስሌቱ እንዲህ ነው። አንድ ተመራማሪ 40 ጽሑፎች አሉት እንበል። ከእነዚህ ውስጥ 12ቱ እያንዳንዳቸው 12 ጊዜና ከዚያ በላይ የተጠቀሱ ከሆኑ፣ ነገር ግን 13 ጊዜና ከዚያ በላይ የተጠቀሱት 13 የማይሞሉ ከሆነ፣ የሰውየው የሂርሽ ቁጥር 12 ይሆናል። ብዙ የሚጽፍ ነገር ግን የማይጠቀስ ሰው ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ አንድ ዝነኛ ጽሑፍ ብቻ ያለውም እንዲሁ። በቀላልነቱ ብልኅ ስሌት ነው፤ ተወዳጅ የሆነውም ስለዚሁ ነው።

አሁን ወደ ዘርፎች ልዩነት እንምጣ። ሂርሽ ራሳቸው በዚያው ጽሑፋቸው ውስጥ የታወቁ ሊቃውንትን ቁጥር ደርድረዋል። ከፊዚክስ ሰዎች አንደኛ የወጡት ኤድዋርድ ዊትን ሲሆኑ ቁጥራቸው 110 ነበር። ከሕይወት ሳይንስ ሰዎች አንደኛ የሆኑት ሰሎሞን ስናይደር ደግሞ 191 ነበራቸው። ከዚህ ተነሥቶ ስናይደር ከዊትን በእጥፍ ገደማ ይበልጣሉ የሚል ሰው ቢኖር ኪሎግራምን ከሜትር ጋር ያነጻጸረ ሰው ነው። በሕክምናና በሕይወት ሳይንስ የተሰማራው ሠራዊት ብዙ ነው፤ እያንዳንዱ ጽሑፍ የሚጠቅሰው ብዙ ነው፤ በአንድ ጽሑፍ ላይ የሚፈርሙት ደራሲያንም ብዙ ናቸው። የሒሳብ ሊቅ በአንጻሩ ብቻውን ወይም ከአንድ ጓደኛው ጋር ይሠራል፣ ጥቂት ይጽፋል፣ ጥቂት ይጠቅሳል፤ ጽሑፉም ከተጻፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ ፈላጊ ሊያገኝ ይችላል።

በአንድ ዘርፍ ውስጥ እንኳ ቢሆን የመጠቀስ ብዛት ከግኝት ታላቅነት ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። በጥቅስ ብዛት ለብዙ ዓመታት ከዓለም አንደኛ ሆኖ የቆየው ጽሑፍ ላውሪና ባልደረቦቻቸው በ1951 ያወጡት ነው፤ በ2014 በተደረገ ቆጠራ ከ300,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሶ ተገኝቷል። ጽሑፉ የሚያስረዳው በፈሳሽ ውስጥ ያለን ፕሮቲን መጠን የመለኪያ ዘዴ ነው። በዚያው ቆጠራ የዘር ቅንጣትን ጥምዝ ቅርጽ ለዓለም ያሳወቀው የዋትሰንና የክሪክ ጽሑፍ ከመጀመሪያዎቹ 100 ውስጥ አልገባም። ነገሩ የሚያስደንቅ አይደለም። እንጨት ቤት ውስጥ በቀን ብዙ ጊዜ የሚነሣው ሜትር ነው፤ ሜትሩ ግን ቤቱን አልነደፈም።

የዘርፍ ልዩነትን ለማረም የሚያስችል ዘዴ አለ። የአንድ ጽሑፍ ጥቅስ በዚያው ዘርፍና በዚያው ዓመት የወጡ ተመሳሳይ ጽሑፎች በአማካይ ባገኙት ጥቅስ ይካፈላል። ለምሳሌ ያህል አንድ የሒሳብ ጽሑፍ 8 ጊዜ ተጠቅሶ የዘርፉ አማካይ 4 ቢሆን ውጤቱ 2 ነው፤ አንድ የሕክምና ጽሑፍ 30 ጊዜ ተጠቅሶ የዘርፉ አማካይ 30 ቢሆን ውጤቱ 1 ነው። በጥሬው ሲታይ ያነሰው በዚህ ይበልጣል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጆን ዮአኒዲስና ባልደረቦቻቸው ከ2019 ጀምሮ ያወጡት ታዋቂ የሳይንቲስቶች ዝርዝር ተመራማሪዎችን በ22 ዘርፎችና በ174 ንዑሳን ዘርፎች ከፍሎ የሚያየው ለዚህ ነው። እርማቱ ግን የሚያርመው በመዝገቡ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ዜሮ በምንም ቢካፈል ያው ዜሮ ነው፤ ከደጃፉ ውጭ የቀረውን ሥራ የትኛውም ስሌት አያነሣውም። የዶክተር አክሊሉ መዝገብ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው።

የጋርፊልድ ማውጫ በፊላደልፊያ በወጣበት በዚያው በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ የቢልሃርዚያን በሽታ ያጠኑ ነበር። የበሽታው ተውሳክ የዕድሜውን ከፊል የሚያሳልፈው በወንዝ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው፤ ቀንድ አውጣው ከሌለ በሽታው ከሰው ወደ ሰው መሻገሪያ ያጣል። ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ቦታ ከወራጁ በታች ያለው ቀንድ አውጣ ከሌላው ቦታ በበለጠ ሞቶ መገኘቱን አስተዋሉ። በሕይወት ያለ ቀንድ አውጣ ተለቅሞ የእንዶድ አረፋ ሲጨመርበት ሞተ። እንዶድ ለኢትዮጵያዊ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሸማ ለበዓል የሚነጣበት፣ በየአጥሩ ሥር የሚበቅል ተክል ነው። ሴቶቹ ለዘመናት ወንዝ ዳር ሲያደርጉት የኖሩትን ነገር ሳይንቲስቱ በአዲስ ዓይን አዩት።

የመጀመሪያው ሪፖርት በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት 3ኛ ቅጽ ታተመ፤ ርዝመቱ አራት ገጽ ነው። በ1966 ዶክተር አክሊሉ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ። የላቦራቶሪና የመስክ ጥናታቸው በ1970 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ወጣ። ከ1969 እስከ 1974 ድረስ ደግሞ በአድዋ ወንዞች ላይ በእንዶድ ሰፊ ሙከራ ተካሄደ። ሙከራው ሲጀመር ከነዋሪው 63 በመቶ በበሽታው ተይዞ ነበር፤ ከአምስት ዓመት በኋላ 34 በመቶ ሆነ። በትንንሽ ልጆች ላይ ውጤቱ ይበልጥ ጎልቶ ታየ፤ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ከተወለዱ ጀምሮ በሽታው በቀነሰበት ውኃ ያደጉ ልጆች ናቸውና።

ይህ ውጤት መቼ ታተመ? በ1983 ነው፤ ሙከራው ካበቃ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ። የታተመውም በጀርመን በሚወጣ የሐሩር ክልል በሽታዎች መጽሔት ሲሆን ዶክተር አክሊሉ ከአራቱ ደራሲያን ሁለተኛው ናቸው። የመጽሔቶችን ክብደት ለማስላት የተለመደው ቀመር የሚቆጥረው አንድ ጽሑፍ ከወጣ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት ያገኘውን ጥቅስ ነው። ሁለት ዓመት ለላቦራቶሪ ሳይንስ ይበቃ ይሆናል፤ አድዋ ላይ ግን ልጆቹ ተወልደው ለምርመራ እስኪደርሱ እንኳ አይበቃም።

ሌላም መዘግየት ነበር። እንዶድ ለሰፊ አገልግሎት እንዲውል የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ይሁንታ ያስፈልግ ነበር፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የተገኘው ውጤት በውጭ ላቦራቶሪዎች እንደገና እንዲጣራ፣ የመርዛማነቱም ምርመራ በዓለም አቀፍ ደረጃ እንዲሠራ ተጠየቀ። በካናዳ ዕርዳታ ጭምር የተካሄደው የደኅንነት ጥናት ታትሞ የወጣው በ1991 ነው፤ ከመጀመሪያው የአራት ገጽ ሪፖርት 26 ዓመት በኋላ። ዶክተር አክሊሉ በአፍሪካ ሳይንስ ላይ የተጋረጠው ችግር የገንዘብና የመሣሪያ እጦት ብቻ ሳይሆን ከዚህ አህጉር መልካም ሳይንስ ሊወጣ ይችላል ብሎ ለመቀበል የሚቸገር ሰው በሠለጠነው ዓለም መኖሩ ጭምር እንደሆነ በአደባባይ ተናግረዋል። አባባላቸው መሠረት አለው፤ ሙሉውን ታሪክ ግን አይሸፍንም። የደኅንነት ምርመራ መጠየቁ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ እንዶድ ዓሣን ይገድላልና ወንዝ ውስጥ ከመጨመሩ በፊት ጥንቃቄ ያሻል። በዚሁ መካከል ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት መጥቶ የዓለም ትኩረት ቀንድ አውጣን ከመግደል በሽተኛውን ወደማከም ዞረ። እንዶድ የተሸነፈው በከፊል በአድልዎ፣ በከፊል ደግሞ በተሻለ መድኃኒት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1989 ዶክተር አክሊሉ ለማና የእንዶድን ዝርያ መርጠው እንዲለማ የደከሙት ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። በዚያው ዓመት ከተሸለሙት ሌላው ደግሞ በ1976 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ የዕፀዋት ዘረመል ሀብት ማዕከል ከ1979 ጀምሮ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው። የዶክተር መላኩ ዋና ሥራ ከየገበሬው ማሳ የተሰበሰበ ዘርን አድርቆ፣ መዝግቦ፣ በቅዝቃዜ ማኖርና መልሶ በገበሬው እጅ እንዲጠበቅ ማድረግ ነበር። በብልቃጥ ውስጥ የተቀመጠ የስንዴ ዘር ማንንም አይጠቅስም፤ በማንም አይጠቀስም።

በ1990ዎቹ እንዶድ በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች የውኃ ቱቦ እየደፈነ ኢንዱስትሪን ያስቸገረውን ዜብራ መስል የተባለ ባለዛጎል እንስሳ እንደሚገድል ታወቀና በዚያው አገር የፓተንት መብት ተሰጠበት። ለአድዋ ልጆች ሲጠና በቀስታ የተራመደው ተክል ለቱቦ ሲፈለግ ፈጠነ።

ከዶክተር አክሊሉ መዝገብ ገና ያልተነገረ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ስማቸው ነው። ማውጫው የተሠራው የቤተ ሰብ ስም ላላቸው ሕዝቦች ነው፤ የመጨረሻውን ስም ወደፊት አምጥቶ የፊተኛውን በአንድ ፊደል ያሳጥረዋል። ስለዚህ አክሊሉ ለማ በዓለም መዝገብ «ለማ አ.» ሆነው ተመዝግበዋል። ጥናቱን ያካሄደው ልጅ፣ ጥቅሱ የሚቆጠረው ለአባት ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የስታንፎርድ ምርምር ተቋም ኬሚስቶች ከእንዶድ ቀንድ አውጣን የሚገድለውን ንጥረ ነገር ለይተው ባወጡ ጊዜ ለክብራቸው ብለው «ለማቶክሲን» ብለው ሰየሙት። ምስጋናው ከልብ ነው፤ የደረሰው ግን አባትየው ዘንድ ነው።

ይህ ለፈገግታ ብቻ የሚነገር አይደለም። ወልደ ዮሐንስ፣ ገብረ መድኅን፣ ኃይለ ማርያም የሚሉ ስሞች በላቲን ፊደል አንድ ጊዜ ተጣብቀው፣ አንድ ጊዜ ተለያይተው፣ አንድ ጊዜ በሰረዝ ተያይዘው ይጻፋሉ። አንዱ መጽሔት «ዮሐንስ» ሥር፣ ሌላው «ወልደ ዮሐንስ» ሥር ይመዘግበዋል። የጸ፣ የቀና የጠ ድምፆችም በላቲን ፊደል አንድ ቋሚ አጻጻፍ የላቸውም። አንዱ ተመራማሪ በመዝገቡ ሦስት ሰው ይሆናል፤ የሂርሽ ቁጥሩም ለሦስት ይከፈላል። በተቃራኒው በአባት ስም የሚመሳሰሉ ብዙ ተስፋዬዎችና ብዙ በቀለዎች ወደ አንድ ሰው ተደምረው ያልሠራውን የሚሸልሙት ሰው ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኦርኪድ በሚል ስም ለእያንዳንዱ ተመራማሪ ባለ 16 አሐዝ መለያ መስጠት መጀመሩ ችግሩን ለአሁኖቹ አቃልሏል። ለቀደሙት ግን የሚደርስላቸው የለም። በ1997 ያረፉት ዶክተር አክሊሉ መለያ አላወጡም፤ ተቋማቸው በሙሉ ስማቸው ሲጠራ ማውጫው ዛሬም የሚያውቃቸው በአባታቸው ስም ነው።

ወደ ምህንድስናው ስንመለስ የሚዛኑ ጉድለት በሌላ መልክ ይታያል። የመሐንዲስ ሥራ በአብዛኛው የሚያርፈው በንድፍ፣ በስሌት መዝገብና በደንብ ላይ ነው። በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስታንዳርድ ለዓመታት በቦሌም ሆነ በላምበረት በቆሙ ሕንፃዎች ዓምድና ምሰሶ ውስጥ አለ። በኮዱ የሠራ ነዳፊ ስሌቱን በጥቅስ አላጀበም፤ ቢያጅብም የስሌት መዝገብ በየትኛው ማውጫ ይቆጠራል? «ዘዴ» በተባለው የሙያው መጽሔት ስለ አገር ውስጥ የግንባታ ዕቃ ወይም ስለ አካባቢው አፈር የሚጻፍ ጽሑፍ አንባቢው እዚሁ አገር ያለ ባለሙያ ነው፤ አንብቦ መሠረት ይቆፍራል እንጂ ጽሑፍ አይጽፍበትም። በእርሻውም መስክ እንዲሁ ነው። በ2006 ከደብረ ዘይት የወጣው «ቁንጮ» የተባለው የጤፍ ዝርያ በብዙ ገበሬ ማሳ ከተዘራ በኋላ ነው ስለ እርሱ በ2011 በውጭ መጽሔት የተጻፈው። ጤፍን የሚያጠና ዓለም አቀፍ ሠራዊት ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ጠቃሹም ትንሽ ነው። ስንዴን የሚያጠና ሰው ግን፣ ሥራው እኩል ቢሆን እንኳ፣ የሚጠቅሰው አያጣም።

አንድ ወጣት መምህር በዚህ ሚዛን እንደሚመዘን ካወቀ ምን ይመርጣል? የአድዋን ወንዝ፣ የጤፍን ዘር፣ የአዲስ አበባን ጥቁር አፈር መምረጥ ዋጋ ያስከፍለዋል። ብዙ ሰው የሚጽፍበትን ርዕስ ቢይዝ፣ በትልቅ ቡድን መካከል በአሥረኛ ስም ቢገባ ቁጥሩ ቶሎ ያድግለታል። ይህን ያደረገ ሰው አልበደለም፤ ልጆች የሚያሳድግ ሠራተኛ ነው። ከዚያ የከፋም አለ። ገንዘብ ለከፈለ ሁሉ ያለ በቂ ምርመራ የሚያትሙ፣ ስማቸውን ከታወቁ መጽሔቶች ስም ጋር ያመሳሰሉ ድርጅቶች የተስፋፉት የጽሑፍ ብዛት የሚጠይቅ ኮሚቴ ስላለ ነው። ከደመወዝ ተቆርጦ በውጭ ምንዛሪ የሚላከው ገንዘብ የሚገዛው በመዝገብ ላይ አንድ መስመር ነው።

ሌላው ዓለም ጉዳዩን ልብ ብሎታል። በ2012 መጨረሻ በሳን ፍራንሲስኮ የተሰበሰቡ የመጽሔት አዘጋጆችና ሳይንቲስቶች የመጽሔት ክብደት የግለሰብ መመዘኛ እንዳይሆን የሚጠይቅ መግለጫ አወጡ፤ በ2015 ደግሞ የላይደን መግለጫ የሚባለው ጽሑፍ ቁጥር የባለሙያን ፍርድ እንዲደግፍ እንጂ እንዳይተካ፣ በአገር ጉዳይ ላይ የሚሠራ ምርምርም እንዲጠበቅ አሳሰበ። ብዙ ተቋማት ፈርመዋል። የፈረመ ሁሉ ልማዱን ለውጧል ማለት አይደለም፤ ቁጥር ሥራን ያቀላልና በስብሰባ ማብቂያ ሰዓት ላይ የደከመ ኮሚቴ ወደ ቁጥር ያዘነብላል።

ማኅበሩ በራሱ እጅ ባሉት ነገሮች፣ ማለትም በሽልማት አሰጣጡና ለአባላቱ በሚጽፈው የድጋፍ ደብዳቤ፣ የሚከተለውን ማድረግ ይቻለዋል። የተወዳዳሪው የጥቅስ ቁጥር ሲቀርብ ከየትኛው መዝገብና በምን ቀን እንደተወሰደ፣ በየትኞቹ የስም አጻጻፎች እንደተፈለገ አብሮ ይጻፍ፤ ያለዚያ ቁጥሩ አይቅረብ። ከልዩ ልዩ ዘርፍ የመጡ ሰዎች በጥሬ ቁጥር አይነጻጸሩ። ተወዳዳሪው ሦስት ሥራዎቹን ብቻ መርጦ ያቅርብ፤ ከሦስቱ አንዱ ንድፍ፣ የደንብ ረቂቅ ወይም ተሠርቶ የቆመ ግንባታ ሊሆን ይችላል። ከዳኞቹም ቢያንስ ሁለቱ ሥራውን አንብበው ወይም በቦታው ሄደው አይተው ይፈርሙ። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ዳኛም በቀላሉ አይገኝለትም። በአንዳንድ ዘርፍ አገር ውስጥ ያሉት ባለሙያዎች ጥቂት ስለሆኑ ሁሉም ይተዋወቃሉ፤ የድሮው የትውውቅ ችግር በዚህ በኩል ሊመለስ ይችላል። ለዚህ መከላከያ የሚሆነው ዳኞቹ ያዩትንና የፈረዱበትን ምክንያት በግልጽ ጽፈው ተወዳዳሪው እንዲያነበው መስጠት ነው፤ ይህም የማኅበሩን አባላት ሳያከራክር የሚያልፍ ሐሳብ አይመስልም።

ቀሪው ጊዜ ለጥያቄና ለውይይት የተተወ ነው።